ፓና ማሪያ፦ የፖላንድ ስደተኞች በቴክሳስ የመሠረቱት ቁምስና

ፓና ማሪያ በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት፣ የሳን አንቶኒዮ ወንዝና የሲቦሎ ጅረት ከሚገናኙበት አጠገብ የምትገኝ ትንሽ መንደር ናት። ስሟ በፖላንድኛ ድንግል ማርያም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 የተመሠረተው የንጽሕት ፅንሰተ ማርያም ቁምስናዋ በአሜሪካ ካሉት የፖላንዳውያን ካቶሊክ ቁምስናዎች ሁሉ ቀዳሚው ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

መሥራቾቹ የላይኛው ሲሌዥያ ገበሬዎች ነበሩ። አገራቸው በፕራሻ መንግሥት ሥር ቢሆንም ቋንቋቸው ፖላንድኛ፣ ሃይማኖታቸው ካቶሊክ ነበር። የድንች በሽታ ሰብላቸውን ለዓመታት ሲያጠፋ ተስቦና ኮሌራ እየተከታተሉ ሕዝቡን ፈጁት። በ1854 ደግሞ የኦደር ወንዝ ሞልቶ ማሳውን ጠራረገው፤ የክራይሚያ ጦርነትም የእህል ዋጋ ሰቀለ። በዚያው አካባቢ ተወልደው ያደጉት ፍራንሲስካዊው አባ ሊዮፖልድ ሞቺጌምባ በ1852 ጀርመን ሰፋሪዎችን ለማገልገል ቴክሳስ ገብተው ነበር፤ ለዘመዶቻቸው የጻፏቸው ደብዳቤዎች የተቸገረውን ገበሬ ለጉዞ አነሳሱት።

ስደተኞቹ ማረሻቸውን፣ የላባ ፍራሻቸውን፣ ከደብራቸውም አንድ ትልቅ መስቀል ይዘው ከብሬመን ተሳፈሩ። ዘጠኝ ሳምንት ያህል በባሕር ከቆዩ በኋላ በታኅሣሥ መጀመሪያ ጋልቨስተን ወረዱ። ከባሕሩ ዳርቻ ወደ መሀል አገር ሲጓዙ ጓዙ በበሬ ጋሪ ተጫነ፤ አብዛኛው ሰው ግን በእግሩ ነበር የሄደው። ከቁርጭምጭሚት ከፍ ያለው የሴቶቹ ቀሚስ የአገሬውን ዓይን ስለሳበና ስላሳቀ፣ አባ ሊዮፖልድ ወደፊት የሚመጡ ሴቶች እንዲህ ያለ ልብስ ይዘው እንዳይመጡ ወደ አገር ቤት ጽፈዋል። በልደት ዋዜማ ከቦታው ደርሰው በአንድ የኦክ ዛፍ ሥር ቅዳሴ ተቀደሰላቸው።

የጠበቃቸው ግን ቤት የሌለበት ሜዳ ነበር። መሬት ቆፍረው መጠለያ አበጁ፤ ጣሪያውንም ሣር አለበሱ፤ እባቡም አላስቀመጣቸውም። መሬቱን በውድ ዋጋ ከመግዛታቸው በላይ በ1856 ጽኑ ድርቅ ገባ። ያን ጊዜ የሕዝቡ ምሬት ሁሉ ወዳመጧቸው ካህን ዞረ፤ ለሕይወታቸው የሰጉት አባ ሊዮፖልድ በዚያው ዓመት መንደሩን ለቀው ሄዱ። የሚያስደንቀው በዚህ ሁሉ መከራ መሀል የድንጋዩ ቤተ ክርስቲያን በ1856 ተሠርቶ ማለቁ ነው። ቁምስናውን ያቆመው የአንድ ሰው ተስፋ ብቻ ሳይሆን የሕዝቡ ጽናት ጭምር መሆኑ ከዚህ ይታያል።

ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ የፈረሰኛ ከብት ነጂዎች ትንኮሳ መንደሩን አስጨነቀው። በ1866 የመጡት የትንሣኤ ማኅበር ካህናት ግን ለልጆቹ ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ በአገሩ የመጀመሪያው የፖላንዳውያን ትምህርት ቤት የሚባለው ይኸው ነው። በ1875 መብረቅ ቤተ ክርስቲያኑን ሲጎዳው ምእመናኑ ወዲያው እንደገና መሥራት ጀመሩ፤ የዛሬው ሕንፃ የተገኘውም ከዚያ ሥራ ነው። ከፓና ማሪያ የወጡ ቤተሰቦች በአቅራቢያው እንደ ቼስቶሆቫ ያሉ ሌሎች ቁምስናዎችን አቋቁመዋል።

በ1966 ፖላንድ ክርስትናን የተቀበለችበት አንድ ሺህኛ ዓመት ሲከበር፣ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ለቤተ ክርስቲያኑ የፖላንዷን የቼስቶሆቫ እመቤታችንን የሞዛይክ ሥዕል አበረከቱ። በ1891 ዲትሮይት ውስጥ ያረፉት የአባ ሊዮፖልድ ዐፅምም በ1974 ወደ ፓና ማሪያ ተመልሶ በክብር ተቀበረ።