ዓሣ ለምን ንጋት ላይ ያልቃል? የዓሣ ኩሬ ውኃ አያያዝ በቀንና በሌሊት

ማምሻውን መኖ ሲሻማ የነበረ ዓሣ ጠዋት ሆዱን ገልብጦ ውኃው ላይ ተንሳፍፎ ይገኛል። ይህን ያየ የኩሬ ባለቤት በቅድሚያ የሚጠረጥረው መርዝን፣ በሽታን ወይም የሰውን ክፋት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ምክንያቱ ከእነዚህ የተለየ ነው፤ ዓሣው ሌሊቱን በውኃው ውስጥ ያለው ኦክስጅን አልቆበት ታፍኖ ሞቷል። ለወራት የተደከመበት ሀብት በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የሚጠፋበት ይህ አደጋ ምልክቱ አስቀድሞ የሚታይ፣ መከላከያውም በአርሶ አደሩ እጅ ያለ ነው።

ውኃ ቀን ያጠራቅማል፣ ሌሊት ያወጣል

ዓሣ የሚተነፍሰው በውኃ ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን በስንጥቡ እያጣራ ነው። በአየር ውስጥ ካለው ጋር ሲነጻጸር በውኃ ውስጥ ያለው ኦክስጅን እጅግ ጥቂት ነው። 25 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሙቀት ያለው ውኃ በባሕር ወለል ከፍታ ላይ በአንድ ሊትር ሊይዝ የሚችለው 8 ነጥብ 3 ሚሊ ግራም ያህል ነው። በጣና ሐይቅ ዙሪያ እንዳሉት፣ 1 ሺህ 800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላቸው አካባቢዎች ደግሞ የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ መጠኑ ወደ 6 ነጥብ 7 ሚሊ ግራም ይወርዳል። ስለዚህ የደጋና የወይና ደጋ ኩሬ ገና ከመነሻው የያዘው ስንቅ አነስተኛ ነው።

ይህን ስንቅ በቀን የሚሞሉት በዓይን የማይለዩ ደቃቅ የውኃ ዕፅዋት ናቸው። የኩሬውን ውኃ አረንጓዴ የሚያደርጉትም እነርሱ ናቸው። የፀሐይ ብርሃን ሲያገኙ ምግባቸውን እያዘጋጁ ኦክስጅን ወደ ውኃው ይለቃሉ። በዚህም ምክንያት የኩሬ ኦክስጅን ከፍተኛ የሚሆነው ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው።

ፀሐይ ስትጠልቅ ማምረቱ ይቆማል፤ መተንፈሱ ግን አይቆምም። ዓሣውም፣ ዕፅዋቱም፣ በኩሬው ወለል ላይ የወደቀውን ፍግና የመኖ ትራፊ የሚያበሰብሱ ተሕዋስያንም ሌሊቱን ሙሉ ኦክስጅን ይጠቀማሉ። በመሆኑም ስንቁ ከምሽት ጀምሮ እየቀነሰ ሄዶ ዝቅተኛው መጠን ላይ የሚደርሰው ጎሕ ሊቀድ ሲል ነው። ዓሣ ንጋት ላይ የሚያልቀውም በዚህ ምክንያት ነው።

አደጋው የሚጨምርባቸው ሌሊቶች

ሁሉም ሌሊት እኩል አያሰጋም። በክረምት ሰማዩ ለተከታታይ ቀናት በደመና ሲሸፈን ዕፅዋቱ በቀን የሚያመርቱት ኦክስጅን ያንሳል፤ የሌሊቱ ፍጆታ ግን እንዳለ ነው። ነፋስ የሌለበት ጸጥ ያለ ሌሊትም ውኃው ከአየር የሚያገኘውን ድርሻ ይቀንሳል። ቀዝቃዛ ከባድ ዝናብ ሲጥል ደግሞ የላይኛው ውኃ ወደ ታች ሰጥሞ ኦክስጅን የሌለበትን የወለል ውኃ ወደ ላይ ሊገለብጠው ይችላል። አረንጓዴ የነበረ ኩሬ በድንገት ወደ ቡናማ ከተለወጠ ወይም ከጠራ ዕፅዋቱ በጅምላ ሞተዋል ማለት ስለሚሆን፣ ቀጣዮቹ ሌሊቶች ልዩ ጥንቃቄ ይሻሉ።

ከመጠን በላይ የሆነ ፍግ፣ ተበልቶ ያላለቀ ፉርሽካና ፋጉሎ፣ እንዲሁም የተጨናነቀ የዓሣ ቁጥርም ለአደጋው በር ይከፍታሉ። በአነስተኛ ኩሬ ቀረሶ ለሚያረባ አርሶ አደር በአንድ ካሬ ሜትር 2 ጫጩት ማስገባት የተለመደ መጠን ነው።

የኩሬውን ለምነት በክንድ መለካት ይቻላል። ፀሐያማ በሆነ ቀን፣ ውኃው በጭቃ ካልደፈረሰ፣ ክንድን ቀጥ አድርጎ ወደ ውኃው ማስገባት ነው። ውኃው ክርን ላይ ሲደርስ መዳፍ ከዓይን የሚሰወር ከሆነ ለምነቱ ልክ ነው። ክርን ላይ ከመድረሱ በፊት ከተሰወረ ዕፅዋቱ በዝተዋልና ፍግ መጨመር ማቆም ይገባል። ክርን ካለፈም በኋላ መዳፍ ጎልቶ የሚታይ ከሆነ ግን ኩሬው ገና አልለማም።

ውኃ መቼ ይግባ? መቼ ይቁም?

ውኃ ቀንና ሌሊት ሳይቋረጥ እየገባ ቢወጣ ይሻላል ብለው የሚያስቡ አሉ። በፍግ በሚለማ ኩሬ ግን ይህ ጉዳት አለው፤ የማያቋርጥ ፍሰት ፍጉንና ለዓሣው ምግብ የሚሆኑትን ዕፅዋት ጠርጎ ይወስዳል። ውኃውንም ያቀዘቅዛል። ቀረሶ በደንብ የሚያድገው ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው፤ ውኃው እየቀዘቀዘ ሲሄድ መኖ መብላቱን ይቀንሳል። ስለዚህ በአዘቦት ቀን ወደ ኩሬው የሚገባው ውኃ በትነትና በስርገት የጎደለውን የሚተካ ብቻ ቢሆን ይመረጣል።

ይህን የመተኪያ ውኃ ለማስገባት የተሻለው ሰዓት ከንጋት በፊት ያለው ነው። ከሰዓት በኋላ ኩሬው በኦክስጅን የተሞላ በመሆኑ ያኔ ውኃውን ማናወጥ የተጠራቀመውን ወደ አየር እንዲያመልጥ ያደርጋል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት በኋላ ግን ያው መጠን ያለው ውኃ ጉድለቱንም ይሞላል፣ ትንፋሽም ይሆናል። የምንጩ ወይም የወንዙ ውኃ በጣም የሚቀዘቅዝ ከሆነ በጥቂት በጥቂቱ ማስገባት ያስፈልጋል።

የውኃ መግቢያው ከኩሬው ወለል ሳይሆን ከውኃው በላይ ከፍ ብሎ መሠራት አለበት። ውኃው ከቱቦው ወጥቶ በድንጋይ ወይም በተበሳ ቆርቆሮ ላይ እየተሰበረ ሲወርድ ከአየር ጋር ይደባለቃል። መውጫው በተቃራኒው ጥልቅ ጫፍ ቢሆንና ውኃውን ከወለሉ ቢስብ፣ ኦክስጅን የሌለው ውኃ በቅድሚያ ይወገዳል። ለዚህም በቆመው የመውጫ ቧንቧ ላይ ከውኃው በላይ ከፍ የሚል፣ ከሥሩ ክፍት የሆነ ሰፊ ቧንቧ መደረብ በቂ ነው። ባዕድ ዓሣና እንቁራሪት እንዳይገቡ፣ ጫጩቱም እንዳይወጣ ሁለቱም በወንፊት ይሸፈናሉ።

ምልክቱ ሲታይ

በሚያሰጉ ሌሊቶች ከንጋት በፊት ባትሪ ይዞ ኩሬውን መጎብኘት ያሻል። ዓሦች ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ከውኃው ገጽ እያወጡ የሚተነፍሱ፣ በውኃ መግቢያው አካባቢ የሚሰበሰቡ፣ ድምፅ ሲሰሙም የማይሸሹ ከሆነ አየር አጥሯቸዋል። አምባዛ ግን በየጊዜው ወደ ላይ እየወጣ ከአየር በቀጥታ መተንፈስ የሚችል ዓሣ ነው። አምባዛና ቀረሶ በአንድነት በሚረቡበት ኩሬ አምባዛው ደኅና መሆኑ ለቀረሶው ዋስትና አይሆንም።

ምልክቱ ሲታይ ወዲያውኑ ንጹሕ ውኃ ከከፍታ እያፈሰሱ ማስገባትና የወለሉን ውኃ ማስወጣት ይገባል። ውኃ ከሌለ የኩሬውን የላይኛ ውኃ በሞተር ስቦ ወደ አየር እየረጩ መመለስ ይቻላል። ሞተርም ከሌለ ሰዎች ተሰብስበው በባልዲ እየቀዱ ከከፍታ መልሰው ያፍስሱ። ጭቃውን መበጥበጥ ግን ጉዳቱን ያብሳል። በዕለቱ መኖ አይሰጥም፤ ፍግም አይጨመርም። ችግሩ ከተደጋገመ ለገበያ የደረሱትን ዓሦች አውጥቶ ቁጥሩን መቀነስ ዘላቂው መፍትሔ ነው።

በከተማ ቤት ያለው የመስታወት ገንዳ

በሳሎናቸው ዓሣ የሚያኖሩ የከተማ ነዋሪዎችንም ይኸው ሕግ ይመለከታቸዋል። ድምፁ እንቅልፍ ይነሳል ወይም መብራት ይቆጥባል በሚል ሌሊት የአየር መንፊያውን ማጥፋት በተለይ ዕፅዋት ባሉበት ገንዳ አደገኛ ነው፤ መብራቱ ሲጠፋ ዕፅዋቱም ከዓሦቹ ጋር ኦክስጅን ይጋራሉና። ሌሊት መጥፋት የሚኖርበት መብራቱ እንጂ መንፊያው አይደለም። የማጣሪያው ውኃ ለሰዓታት ከቆመም ቆሻሻውን የሚያጠሩት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይሞታሉ። ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ በባትሪ የሚሠራ መንፊያ መጠቀም፣ ካልሆነም ከገንዳው በጆግ እየቀዱ ከከፍታ ቀስ ብሎ መመለስ ዓሦቹን ያቆያል።

የባሕር ዳርና የሰበታ የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከላት በዘርፉ ይሠራሉ። በየቀበሌው ያለ የግብርና ባለሙያም ከኩሬው ቦታ መረጣ ጀምሮ ሊማከር ይገባል። የዕለት ተዕለቱ ጥበቃ ግን የባለቤቱ ነው። ቀን ቀን ፀሐይ ኩሬውን ትጠብቃለች፤ የሌሊቱ የመጨረሻ ሰዓታት የሚጠብቁት ግን የሰውን ዓይን ነው።