የእናቴ ጎታ

ልጆቼ፣ ያቭኔ ያለችው የልጅ ልጃችን ባለፈው ቂርያት መላኪ ልትጠይቀን መጥታ የማማዱን በር ከፈተችና፣ «ሳባ፣ ይሄ ሁሉ በርሜል ምንድን ነው? ሱፐሩ እኮ እዚሁ ታች ነው!» ብላ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። አያቷ ግን አልሳቀችም። ለምን እንዳልሳቀች ልንገራችሁ።

እኔ የተወለድሁት ጎንደር፣ ከአምቦበር ብዙም በማይርቅ መንደር ነው። አስኳላ አልገባሁም፤ ከቄሶቻችን እግር ሥር ቁጭ ብዬ ኦሪትን በግእዝ ተማርሁ። ዮሴፍ በግብፅ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት ከእህሉ አምስተኛውን እጅ እያነሣ ማከማቸቱን መምህሬ ሲተረጉሙልን፣ እኔ ልጁ የማስበው የእናቴን ጎታ ነበር።

ጎታ የሴቶች ሥራ ነው። እናቴ ጭቃውን ከጤፍ ጭድና ከእበት ጋር ትረግጥና አንድ ዙር ትሠራለች፤ እሱ ሲደርቅ ሌላ ዙር ትደርባለች። እርጥበትና አይጥ እንዳይገባበት በድንጋይ ላይ ታቆመዋለች። እህሉን ከላይ ትጨምርና አፉን በጭቃ ትመርገዋለች፤ ሲፈለግ ከሥሩ በውታፍ ከተደፈነው ቀዳዳ ይቀዳል። ስለዚህ ሁልጊዜ የቆየው ቀድሞ ይበላል። አየር ካጣ ነቀዝ አይራባም። ማሽላው እንዳይነቅዝ አመድ እንቀላቅልበት ነበር። ጤፍ ግን ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ነቀዝ ውስጡ ገብቶ አይፈለፈልም፤ በደረቅ ቦታ ዓመታት ይቆያል። እህሉ መድረቁን የምናውቀው በጥርስ ነው፤ ቀጭ ካለ ይግባ፣ ከለሰለሰ ወደ ፀሐይ ይመለስ።

ይሄ ጥንቃቄ ከምን መጣ? ከክፉ ቀን ነው። በፈረንጆች ከ1888 እስከ 1892 ድረስ የከብት በሽታ በምፅዋ በኩል ገብቶ በሬውን ጨረሰው። በሬ የለም ማለት እርሻ የለም ማለት ነው። ድርቁም አንበጣውም ተጨመረበት። ከቤተ እስራኤልም ብዙ ሰው አለቀ፣ መንደሮች ጠፉ። አያቶቻችን ያንን ሲያነሡ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። ደግሞም ብዙዎቻችን የሰው መሬት አራሾች ነበርን፤ የባለመሬቱ ድርሻ ከአውድማ ሲነሣ ወደ ጎታችን የሚገባው የተረፈው ነው። እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ እንዲህ ኖርን።

በ1977፣ እዚህ 1984 በሚሉት ዘመን፣ ወደ ኢየሩሳሌም ስንነሣ ጎታችን ባዶ አልነበረም። እህሉን እንዳንሸጥ መሄዳችን ይታወቃል፤ እንዳንሸከም መንገዱ ረጅም ነው። በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ በስልቻ ያዝን። በመውጫችን ሌሊት እናቴ ወደ ጎታው ተመልሳ አፉን በጭቃ መረገችው። «ለማን ነው?» ብዬ ተቆጣኋት። «እህል ክፍቱን አይተውም» አለችኝ።

በመንገድ ላይ አንዲት ሴት ለልጇ በሶ ለመነችኝ። ስልቻችን ግማሽ ነበር። እኔ ግን «አልቋል» አልሁ። እናቴ ሰማች፤ ምንም ሳትናገር ከራሷ ድርሻ ዘግና ሰጠቻት። ሱዳን፣ ኡም ራኩባ ሰፈር ስንደርስ የጫንነው አልቆ ነበር። የሞላ ጎታ ትተን በራሽን ሰልፍ ቆምን። እናቴ እዚያው ቀረች። በመንገድና በሱዳን ወደ 4 ሺህ ያህል ወገን ነው ያለቀብን። ያቺ «አልቋል» ያልኋት ቃል እስከ ዛሬ አፌ ላይ አለች።

እዚህ ከመጣን በኋላም ነገሩ አልቀረም። በኅዳር 2012 በከተማችን ሮኬት ወድቆ ሦስት ሰዎች ሲሞቱ፣ እነዚያን ቀናት ሱፐሩ ታች ቢሆንም መውረዱ ያስፈራ ነበር። የበላነው ከማማዱ ሽሮና ምስር ነው።

ያቭኔ ላለችው ልጄ ደግሞ ይሄን ልጨምር። እዚህ ከመጣሁ በኋላ የሰማሁት የታልሙድ ታሪክ አለ። ኢየሩሳሌም በሮማውያን ስትከበብ ባለጠጎቹ ለ21 ዓመት የሚበቃ ስንቅ ነበራቸው። ቀናተኞቹ ሰዎች ሕዝቡ እንዲዋጋ ብለው ጎተራውን አቃጠሉት፤ ረሃብ ገባ። ረቢ ዮሐናን ቤን ዛካይ በሬሳ ሣጥን ተደብቀው ወጥተው ከሮማዊው አዛዥ ያቭኔንና ሊቃውንቷን ለመኑ። እንግዲህ ያንቺ ከተማ የትምህርት ቤት የሆነችው ከተቃጠለ ጎተራ በኋላ ነው።

ለመጀመር በርሜል አያስፈልጋችሁም። ጌዴራ ያለችው ልጄ አንድ ኩንታል ጤፍ ገዝታ በረንዳ ላይ መሬት አስቀመጠችው፤ የባሕሩ አካባቢ እርጥበት ገባበት፣ ሻገተ፣ ተጣለ። በትንሹ ጀምሩ፦

የምትበሉትን ብቻ፣ ለሁለት ሳምንት የሚበቃ፣ ግዙ። ዱቄቱን መጀመሪያ ጥቂት ቀን ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩት፤ የነፍሳቱ እንቁላል ይሞታል። ከዚያ በደንብ በሚገጥም ዕቃ አድርጉት። ከመሬት ከፍ፣ ከግድግዳ ራቅ ይበል። ቀኑን ጻፉበት፤ የቆየው ቀድሞ ይውጣ። ውኃም አትርሱ፤ ለአንድ ሰው በቀን 3 ሊትር ያዙ።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ ይበልጣል። ስታስቀምጡ ከራሳችሁ ቤት ቁጥር አንድ ሰው ጨምራችሁ አስቀምጡ። በራችሁን የሚያንኳኳ ሲመጣ እኔ ያልሁትን ቃል እንዳትሉ።