ከቁፋሮው በፊት ውኃው ይመርመር

እኛ ከድንበር ድንበር የምንነግድ ሰዎች ጉድጓድ ሲነጥፍ ገበያ እንደሚበተን እናውቃለን። ስለዚህ ዘይትና ጋዝ ለማውጣት ዐለትን በግፊት የመሰንጠቅ ታሪክ ይመለከተናል።

ሥራው በአሜሪካ ካንሳስ እ.ኤ.አ. በ1947 ተሞከረ። ያኔ የተጠቀሙት እንዲወፍር የተደረገ ቤንዚን ነበር፤ ዛሬ በብዛት ውኃ፣ አሸዋና ኬሚካል ነው። በ2005 የአገሪቱ ምክር ቤት ሥራውን ከመጠጥ ውኃ ጥበቃ ሕግ በአብዛኛው ነፃ አደረገው። በ2014 ኒውዮርክ የጤና ስጋትን ጠቅሳ እንደምትከለክለው አስታወቀች። በ2016 በኦክላሆማ በልኬት 5.8 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ፤ ባለሙያዎች ከዘይትና ጋዝ ጉድጓዶች የወጣን ቆሻሻ ውኃ መልሶ ወደ ከርሰ ምድር ከመጨመር ጋር አያያዙት። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ስንጠቃው አንዳንድ ጊዜ የመጠጥ ውኃን ሊጎዳ እንደሚችል ገለጸ። የጉዳቱን ስፋት መናገር ግን አልቻለም፤ አንዱ ምክንያት ከቁፋሮ በፊት የውኃው ሁኔታ በበቂ አለመመዝገቡ ነው።

እኛ ጭነት ሳንመዝን አንረከብም። በሰፈራችን እንዲህ ያለ ቁፋሮ ከመጣም ጉድጓዳችን አስቀድሞ ይመርመር፤ የውጤቱ ወረቀትም በእጃችን ይቀመጥ። ውኃው ከተበላሸ በኋላ «ድሮ ንጹሕ ነበር» ማለት ብቻ አያስረታም።