በአደባባይ ሥራ ፈትቶ መቆምን ስለሚከለክል ሕግ አመጣጥ

ሰው በአደባባይ ቢቆም ወይም በመንገድ ወዲያና ወዲህ ቢል እንደ በደለኛ የሚያስቈጥረው ሕግ ሥሩ በእንግሊዝ አገር ይገኛል። በ1348 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) ታላቁ ቸነፈር ገብቶ ሕዝቡን በፈጀ ጊዜ እርሻው አራሽ አጣ፤ የተረፈውም ሠራተኛ ደመወዝ እንዲጨመርለት ከጌታ ወደ ጌታ መዞር ጀመረ። በ1349 ንጉሡ ኤድዋርድ 3ኛ ሠራተኛው ከቸነፈሩ በፊት በነበረው ደመወዝ እንዲያድር አዋጅ አስነገረ፤ ጕልበት ላለው ለማኝ ምጽዋት የሚሰጥም ሰው እንዲታሰር አዘዘ። እንግዲህ ሕጉ የተወለደው ከባለርስት ማሳ ነው፤ የአደባባይ ጸጥታ ኋላ የተሰጠው ስም ነው።

በ1388 የወጣው ሕግ ደግሞ እየለመኑ የሚማሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከአለቃቸው የምስክር ደብዳቤ እንዲይዙ አዘዘ። በሄንሪ 8ኛ ዘመን፥ በ1531፥ ያለ ፈቃድ ሲለምን የተገኘ የኦክስፎርድ ወይም የካምብሪጅ ተማሪ እንደ ማንኛውም ዘዋሪ እንዲገረፍ ተወሰነ። አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ወደ ደጅ፥ ከጉባኤ ወደ ጉባኤ የሚዞረውን የቆሎ ተማሪ ለሚያውቅ ሰው ይህ አንቀጽ ከሁሉ ይልቅ ይከብደዋል፤ የእኛ ተማሪ በዚያ ሕግ ቢዳኝ ኖሮ ቅኔ ቤቱ ስንት መምህር ሳያወጣ በቀረ ነበር።

ሕጉ ከሰፋሪዎች ጋር ባሕር ተሻግሮ አሜሪካ ገባ። በዚያ አገር የርስ በርስ ጦርነቱ ባለቀበት በ1865 የሚሲሲፒ ግዛት፥ ነጻ የወጣ ጥቁር ሰው ሥራ ሳይዝ ወይም ያለ ሕግ ተሰብስቦ ቢገኝ እስከ 50 ዶላር እንዲቀጣ ደነገገ። በ5 ቀን ውስጥ መክፈል ያቃተው፥ መቀጫውን ከፍሎለት ለአጭር ጊዜ ለሚያሠራው ሰው ይከራያል። ስሙ ተለወጠ እንጂ ቀንበሩ ያው ነበረ።

በፍሎሪዳ ግዛት የጃክሰንቪል ከተማ ደንብም ሰካራሙን፥ ቁማርተኛውን፥ በሌሊት የሚዞረውን፥ በሚስቱ ገቢ የሚኖረውን ባል ከሌባው ጋር ባንድ ተራ ያሰልፍ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1972 ይህን ደንብ ሻረው። ፍርዱን የጻፈው ዳኛ ዊልያም ዳግላስ፥ ደንቡ ሰውን ምን ቢያደርግ እንደሚቀጣ አስቀድሞ አያስታውቀውም፥ ፖሊስንም ያለ ልጓም ይለቀዋል ሲል ነቀፈው። ነቀፋው ትክክለኛ ነው።

ነገር ግን ጉዳዩ በዚህ አልተዘጋም። በቺካጎ ወንበዴዎች መንገዱን ይዘው ስለ ቆሙ፥ ከቤት መውጣት የፈሩ ነዋሪዎች ለከተማው ምክር ቤት ቀርበው መሰከሩ። እነዚህ እንደ ጥንቱ ባለርስት አራሽ የጐደላቸው አልነበሩም፤ ሰላም የጐደላቸው ነበሩ። በ1992 በወጣው ደንብ ፖሊስ፥ የወንበዴ ማኅበርተኛ ነው ብሎ የጠረጠረው ሰው ያለ ግልጽ ጉዳይ ከሌሎች ጋር ቆሞ ሲያገኝ ሁሉንም ተበተኑ ይላቸዋል፤ እንቢ ያለ ይታሰራል። በ3 ዓመት ውስጥ ከ89,000 የሚበልጥ ትእዛዝ ተሰጠ፥ ከ42,000 የሚበልጥ ሰው ተያዘ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1999፥ 6 ዳኞች በ3 ላይ በልጠው፥ «ያለ ግልጽ ጉዳይ» የተባለው ቃል ወሰን የለውም ብሎ ይህንንም ሻረ። ከተማውም በ2000 ቃሉን አጥብቦ፥ ቦታውን ለይቶ ሌላ ደንብ አወጣ።