ከወንዝ ዳር እስከ ሚቅቬ

በጎንደርና በስሜን የቤተ እስራኤል ሰዎች መንደር ሲቆረቁሩ አስቀድመው የሚያዩት ወንዙን ነበር። የኦሪት ሕጋቸው ያለ ወራጅ ውሃ አይፈጸምምና። ሴት የወር አበባዋ ሲመጣ ከመንደሩ ጫፍ፣ በድንጋይ ወደ ተከበበችው የደም ጎጆ ትገባለች። ምግቧ ከድንጋዩ አጠገብ ይቀመጥላታል እንጂ የሚነካት የለም። በሰባተኛው ቀን ልብሷን አጥባ፣ ገላዋን ወንዝ ነክራ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ወንድ የወለደች 40፣ ሴት የወለደች 80 ቀን ትቆያለች። ከሌላ እምነት ሰው ጋር የተነካካም ሳይታጠብ ቤቱ አይገባም። ጎረቤቶቻቸው «ውሃ ውሃ ይሸታሉ» እያሉ ያሟቸው የነበረው ስለዚህ ነው።

በሌላው ዓለም ያሉ አይሁድ ይህንኑ ሕግ የሚጠብቁት ሚቅቬ በሚባል ገንዳ ነው። ገንዳው የዝናብ ወይም የምንጭ ውሃ ቢያንስ 40 ሰኣ፣ ማለትም በመቶዎች የሚቆጠር ሊትር መያዝ አለበት። ያለ እርሱ የባልና የሚስት ኑሮ በሕጉ መሠረት ሊመራ ስለማይችል፣ አንድ ማኅበር ከምኩራብ በፊት ሚቅቬ እንዲሠራ ረቢዎች ያዝዛሉ። ወደ አይሁድነት የሚገባ እንግዳም የሚነከረው እዚያው ነው።

ሁለቱ ልማዶች ፊት ለፊት የተገናኙት በ1977 ዓ.ም. ነበር። በዚያ ዓመት፣ በሱዳን መጠለያዎች ወገኖቻቸውን ቀብረው የተረፉ በሺህ የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤላውያን በ«ዘመቻ ሙሴ» እስራኤል ገቡ። የሴፋርዲው ዋና ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ አይሁድነታቸውን ያጸደቁት ገና በ1965 ዓ.ም. ነው። ሆኖም የረቢዎቹ ጽሕፈት ቤት፣ የዘር ሐረጋቸው ያጠራጥራልና ከጋብቻ በፊት ሚቅቬ ይነከሩ አለ።

ይህ ቃል የቆየ ቁስል ነካ። በ15ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ይስሐቅ «ያልተጠመቀ ርስት አይውረስ» ብለው ማወጃቸው ይነገራል። ርስቱን አጥቶ ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ሆኖ የኖረ ሕዝብ፣ አሁን ኢየሩሳሌም ደርሶ እንደገና ውሃ ግባ ተባለ። በ1978 ዓ.ም. መባቻ ከጽሕፈት ቤቱ ፊት ለፊት ሰፍረው አንድ ወር ያህል ተቃወሙ።

ውሃ ፈርተው አልነበረም፤ እናቶቻቸው በስሜን ብርድ ወንዝ ሲወርዱ የኖሩ ናቸው። ነገር ግን በአገራቸው መታጠብ ማለት ነጽቶ ወደ ቤት መመለስ ነበር። እዚህ መነከር ግን፣ እስከ ዛሬ ቤተኛ አልነበርኩም ብሎ ማመን ሆነባቸው።