ድኝ የሚተነፍሱት፦ ከጎብዬ ጭቃ እስከ ቢሾፍቱ ሐይቆች

ጎብዬ ላይ ክረምት ሲገባ ከምዕራቡ ተራራ የሚወርደው ጎርፍ ማሽላውን አጠጥቶ ያልፋል። ቦይ ውስጥ ተኝቶ የሚቀረው ውሃ ግን ከሳምንታት በኋላ ጠባዩ ይለወጣል። ልጆች ሆነን እግራችንን ስንከትበት ከላይ ቡናማ የነበረው ጭቃ ከሥሩ ጥቁር ሆኖ ይወጣ ነበር፤ ሽታው ደግሞ የገማ እንቁላል። ከሥር የሞተ ነገር አለ እንል ነበር። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ባዮጋዝ ላይ ስሠራ ያው ሽታ እዚያም ጠበቀኝ፤ የብረት ቧንቧዬንም በላው።

ለካስ ከሥር ያለው የሞተ ሳይሆን የሚተነፍስ ነው።

እኛ ስንተነፍስ ከምግብ የወጡትን ኤሌክትሮኖች በመጨረሻ የሚቀበልልን ኦክስጅን ነው። ኦክስጅን በሌለበት ጭቃ ውስጥ አንዳንድ ባክቴሪያዎች ይህን ሥራ ለሰልፌት ይሰጡታል። ሰልፌት የድኝና የኦክስጅን ውህድ ሲሆን ኤሌክትሮን ሲቀበል ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይሆናል፤ ሽታው የእሱ ነው። ጋዙ በጭቃው ውስጥ ካለ ብረት ጋር ሲገናኝ ጥቁሩን ቀለም ይሰጣል። እንዲህ ያለውን ባክቴሪያ መጀመሪያ ለይቶ ያወጣው ሆላንዳዊው ማርቲኑስ ቤየሪንክ ነው፤ 1895፣ ደልፍት ከተማ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ1950ዎቹ ደግሞ እንግሊዛዊው ጆን ፖስትጌት በእነዚህ ባክቴሪያዎች ውስጥ ሳይቶክሮም አገኘ። ያኔ ሳይቶክሮም የኦክስጅን ተንፋሾች ዕቃ ነው ተብሎ ይታሰብ ስለነበር ነገሩ አስገራሚ ነበር። እውነትም መተንፈስ ነው ማለት ነው።

አንድ ጥያቄ ግን ይቀራል፤ እንደ መሐንዲስ እኔን የሚስበኝም እሱ ነው። ሰልፌቱ እንዴት ይገባል? ኦክስጅን የባክቴሪያውን ሽፋን ማንንም ሳያስፈቅድ ያልፋል። ሰልፌት ግን ሁለት ኔጌቲቭ ቻርጅ ተሸክሟል፣ ሽፋኑ ደግሞ ቅባት ነው። በር ያስፈልገዋል። በዚያ ላይ ለሰውነት ግንባታ የሚሆን ጥቂት ድኝ አይበቃም፤ ለመተንፈስ ከሆነ ያለማቋረጥ፣ በብዛት መግባት አለበት።

መልሱን በ1980ዎቹ የሰጠው ጀርመናዊው ሄሪበርት ሲፒዮንካ ነው። ሙከራው በጣም ቀላል ነው፣ እኔ እንዲያውም እቀናበታለሁ። ባክቴሪያዎቹን አጥቦ ኦክስጅን በሌለው ዕቃ ውስጥ አደረጋቸው፣ የአሲድነት መለኪያ ነከረ፣ ከዚያ ትንሽ ሰልፌት ጨመረ። የውሃው አሲድነት ወዲያው ቀነሰ። ምን ማለት ነው? ፕሮቶኖች ከውጭ ጠፍተዋል፤ ከሰልፌቱ ጋር ተያይዘው ገብተዋል። በሩ የሚከፈተው ሁለቱ አብረው ሲመጡ ነው። በባሕር ውስጥ የሚኖሩት ዘመዶቻቸው በፕሮቶን ፋንታ ሶዲየም ይጠቀማሉ፤ ባሕር ውስጥ ጨው ሞልቷላ!

ሂሳቡን ተመልከቱት። ከአንድ ሰልፌት ጋር ሁለት ፕሮቶን ከገባ፣ ሃይድሮጅን ሰልፋይዱ ሲወጣ ሁለት ይዞ ይወጣል። ዕዳ የለም። ሰልፌት ሲያጥር ግን ባክቴሪያው ሦስት ፕሮቶን ይከፍላል፤ ሦስተኛው አይመለስም፣ ኪሳራ ነው። በምትኩ ከውጭ ካለው በሺዎች እጥፍ የሚበልጥ ሰልፌት ውስጡ ማከማቸት ይችላል። ሲትረፈረፍ ቆጣቢ፣ ሲቸግር ደግሞ ከፋይ መሆኑ ነው።

ይህ ለእኛ አገር ለምን ይጠቅማል? የቢሾፍቱ ሐይቆች ከባሕር ጋር ሲነጻጸሩ ሰልፌታቸው እጅግ ትንሽ ነው፤ ግን ከሥራቸው ይኸው ጋዝ አለ። ባክስተር፣ ፕሮሰር፣ ታሊንግና ዉድ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1965 ባሳተሙት ጥናት የእነዚህ ሐይቆች ውሃ በንብርብር እንደሚቀመጥ አሳይተዋል። ከላይ ሞቃት፣ ከታች ቀዝቃዛ፤ ልዩነቱ ጥቂት ዲግሪ ብቻ ቢሆንም የታችኛው ውሃ ኦክስጅን እንዳያገኝ ይበቃል። እዚያ ታች የእኛ ጭቃ ዘመዶች ሥራቸውን ይሠራሉ።

ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ ሰማዩ ጠርቶ ሌሊቱ ሲበርድ፣ የላዩ ውሃ ቀዝቅዞ ይከብድና ይሰምጣል። ኦክስጅን የሌለው የታችኛው ውሃ ጋዙን ይዞ ይወጣል። ዓሣው መሸሻ ያጣና ጠዋት በጀርባው ተንሳፎ ይገኛል። እንዲህ ሲሆን "ሐይቁን መርዘውብን ነው" የሚል ወሬ ቢነሳ አይገርምም፤ የዓሣ አስጋሪው የወራት ገቢ በአንድ ሌሊት ሄዷል፣ ጎረቤት ጎረቤቱን ይጠረጥራል። የላዩን ውሃ ብቻ ቀድቶ ላቦራቶሪ የወሰደ ሰው ደግሞ ምንም ላያገኝ ይችላል፤ ጋዙ አየር ሲያገኝ ይጠፋላ። የሚሻለው አደጋው ከመድረሱ በፊት ባሉት ሳምንታት በገመድ የታሰረ መቅጃ ወደ ጥልቁ አውርዶ፣ ኦክስጅኑ ስንተኛው ሜትር ላይ እንደሚያልቅ እየለኩ መመዝገብ ነው። ከጎብዬ በወልድያ አልፈን ወደ ደሴ ስንሄድ የምናገኘው የሐይቅ ከተማው ሐይቅም ከ80 ሜትር በላይ ይጠልቃል። እዚያም የሚያስግሩ ሰዎች አሉ። ገመዱ ረጅም መሆን አለበት።