የአዲስ አበባ ወሰንና የመንግሥት ትምህርት ቤቶች

የአዲስ አበባና የኦሮሚያ ክልል ወሰን በሁለቱ አዋሳኝ ሰፈሮች የሚኖሩ ልጆች በየትኛው ቋንቋና በየትኛው ትምህርት ቢሮ ሥር እንደሚማሩ የሚወስን በመሆኑ በተደጋጋሚ አከራክሯል።

መነሻ

በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ በአምቦ መንገድ የሚገኘው ሳንሱሲ የኦሮሚያ አካል ከሆነችው ቡራዩ ጋር ይጎራበታል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ፈቅዷል። በዚህም መሠረት ማስተማሪያው በኦሮሚያ በዋናነት አፋን ኦሮሞ፣ በአዲስ አበባ ደግሞ በአብዛኛው አማርኛ ነው። የ8ኛ ክፍል ፈተናም የሚዘጋጀው በየክልሉና በየከተማ አስተዳደሩ ነው። ስለዚህ ወሰን ሲለወጥ ትምህርት ቤቱ ከቦታው ባይነቃነቅም ቋንቋውና ፈተናው ሊለወጡ ይችላሉ።

የወሰን ለውጥ

በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ሁለቱ አስተዳደሮች በወሰናቸው ላይ መስማማታቸውን አስታወቁ። በዚህም የኮዬ ፈጬ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ወደ ኦሮሚያ ተካለሉ። በ2015 ዓ.ም. ቡራዩን ጨምሮ በአዲስ አበባ ዙሪያ ያሉ ከተሞች ተዋህደው ሸገር ከተማ ተመሠረተ።

የ2015 ዓ.ም. ውዝግብ

በዚያው ዓመት አፋን ኦሮሞ በሚሰጥባቸው የአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የኦሮሚያ ሰንደቅ ዓላማ መሰቀሉና መዝሙሩ መዘመሩ ተቃውሞ አስነሣ። ደጋፊዎች የቋንቋና የማንነት መብት ነው ሲሉ፣ ተቃዋሚዎች ከተማዋ የራሷ ምክር ቤት ያላት የፌዴራል መንግሥት መቀመጫ መሆኗን አነሡ። በአንዳንድ ትምህርት ቤቶች ትምህርት ተቋረጠ፤ የታሰሩ ተማሪዎችም ነበሩ። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በጉዳዩ ላይ መግለጫ አውጥቷል።